ባለ አምስት ኮከቡ ቅሬታ

ሥራዬ የሰው እሮሮ ማንበብ ነው። ቪዲዮን ከአንድ ዓይነት ፋይል ወደ ሌላ የሚቀይር ሶፍትዌር ለሚሠራ ትንሽ ኩባንያ፣ በፈረንጅ አገር ሮቢንስዴል በሚባል ሰፈር ካለው ቤቴ ሆኜ የተጠቃሚዎችን አስተያየት እለያለሁ። አዲስ አፕዴት በወጣ ማግስት ስድቡ ይዘንባል። ፈረንጅ ሲናደድ አንድ ኮከብ ሰጥቶ እቅጩን ይናገራል፤ እኔም ለኢንጂነሮቹ አስተላልፋለሁ። አምስት ኮከብ የሰጠውን ግን ማንም አያነበውም። ማሽኑ ራሱ አመስግኖ ይሸኘዋል።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ባልደረባዬ አንድ አስተያየት ላከችልኝና «ይሄ ያንቺ አገር ፊደል አይደለም?» አለችኝ። አምስት ኮከብ ነው። እንዲህ ይላል፦ «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሥራችሁ እጅግ ድንቅ ነው፤ እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ብቻ የባለቤቴን ቪዲዮ ስቀይረው ድምፁ ጠፋ። ዋናውም ፋይል የለም። ምናልባት የእኔ ጥፋት ይሆናል። እሷ አርፋለች፤ ድምጿ የቀረኝ እነዚህ ቪዲዮዎች ላይ ብቻ ነው። ካስቸገርኳችሁ ይቅርታ።» ከሥር፣ እንደ አገራችን ሰው፣ ስልካቸውን አስፍረዋል።

ክው አልኩ። በንዴትም ጦፍኩ። የእኛ ሰው ቤቱ እየተቃጠለ ለእሳት አደጋ ቢደውል እንኳ፣ የሰውየውን ጤንነት ሳይጠይቅ አድራሻውን አይናገርም! የአፕዴቱን ጉድ አውቀው ነበር። በአሮጌ ካሜራ የተቀረጸ ድምፅ ይሰርዛል፤ ቀይሮ ሲጨርስ ደግሞ ዋናውን ፋይል ያጠፋል። ኢንጂነሮቹ ገና እያስተካከሉት ነበር። ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን ማሽኑ ለእሳቸው የላከው መልስ ነው፦ «ስለ አምስት ኮከብዎ እናመሰግናለን! አዲሱን አፕዴት ይጫኑ፣ ይበልጥ ይወዱታል።»

ወዲያው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ከሶፍትዌሩ ድርጅት ነው። የቀሩትን ቪዲዮዎች እንዳይነኩብኝ!»

«አይ ልጄ፣ አታስቢ። መልሳችሁ ደርሶኛል እኮ። ባላችሁት መሠረት አፕዴቱን እንደገና ጭኜ፣ የቀሩትን በሙሉ አሰልፌ ነው ጠዋት የወጣሁት። ይኸኔ ኮንቨርት እያደረገ ነው።»

«አሁን የት ነዎት?»

«ኤርፖርት፣ ታክሲዬን ይዤ ተሳፋሪ መጠበቂያ ሰልፍ ላይ። ተራዬ ሊደርስ ነው።»

«ቤት ሰው አለ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ተራውን ይተዉትና አሁኑኑ ቤት ይሂዱ። አንዱን ቀይሮ በጨረሰ ቁጥር ዋናውን እያጠፋው ነው።»

ቀስ ብለው፣ «ከኋላዬ ብዙ መኪና አለ፤ ሰው እንዳላስቸግር» አሉኝ። ትዕግሥቴ አለቀ። አባቴ በሚሆን ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮኽኩ። «ይውጡ! ክላክስ ያድርጉብዎ! ድምጿ እየጠፋ ነው እኮ!»

ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። የተጮኸባቸውንም ክላክስ ሰማሁ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ፊሊፕስ ወደሚባለው ሰፈራቸው ነዱ። ቀይ መብራት በያዛቸው ቁጥር ስለ መቆየታቸው ይቅርታ ይጠይቁኛል፤ እኔ ጥፍሬን እየበላሁ ምንም አይደለም እላለሁ። እንዳይጋጩም ፈራሁ፤ እንዳይዘገዩም ፈራሁ። የደረጃው እርምጃ፣ የቁልፉ መንኳኳት፣ ቀጥሎ የወንበር መጎተት ተሰማ።

«አቁም የሚለውን ይጫኑ። ቀዩን።»

«መነጽሬ መኪና ውስጥ ቀረ።»

«መነጽር አያስፈልግም፣ ቀዩን ብቻ!»

«ቆመ» አሉ።

«ስንት ቀረ?»

ለማየት ወደ ስክሪኑ ሲጠጉ ወንበሩ ተንቋቋ። «አንድ» አሉኝ በመጨረሻ።

ሌሎቹ ሁሉ ተቀይረው አልቀዋል፤ ዋናዎቹ ጠፍተዋል። እሷ እዚያ ውስጥ አፏን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ድምጿ አይሰማም። የቀረውን እንዲከፍቱት ለመንኳቸው። ከፈቱት። የሳህን ኳኳታ መጣ፣ ከዚያ የሴት ድምፅ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ካሜራህን አጥፋና ሽንኩርቱን ላጥልኝ።» ሳቀች። በዚያው አለቀ።

እንደ ልማዳቸው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም።

«ጽፌላችሁ ነበር» አሉ። «ድምጿ ጠፋ ብዬ ጽፌላችሁ ነበር እኮ። ለምን አላነበባችሁም?» ደግመው ጠየቁኝ፣ አሁን እየጮኹ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ የልባቸውን ተናግረው እስኪጨርሱ አዳመጥኳቸው።