እናቴ የማትጠራው ስም

ልጃችን ሲወለድ እኔና ባለቤቴ ስም ለማውጣት ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅን። እሷ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ እኔ ባሌ ጎባ ተወልጄ ሮቤ የማስተምር ሰው ነኝ። እሷ «ናትናኤል ይባል» አለች። እኔ ደግሞ «ኧረ በናትሽ!» አልኩ። የማስተምርበት አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ አራት ናትናኤል አለ። አንዱን በአባቱ ስም እጠራዋለሁ፣ አንዱን ረጅሙ እለዋለሁ፣ አንዱን በመስኮቱ በኩል ያለው እለዋለሁ፤ አራተኛው ሲረብሽ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። የሚገርመው፣ ወላጆቻቸው ሁሉ ይህን ስም ያገኙት እነሱ ብቻ ይመስላቸዋል።

ባለቤቴ አልተበገረችልኝም። «ስምንት ዓመት ለምነን እግዚአብሔር የሰጠን ልጅ ነው። ስሙም ይህንኑ ነው የሚለው» አለች። እውነቷን ነው። በዕብራይስጥ «ናታን» ሰጠ ማለት ነው፣ «ኤል» ደግሞ አምላክ። ወንጌል ላይም በለስ ሥር ሳለ የታየው፣ ተንኮል የለበትም የተባለው ደግ ሰው ስም ነው። ስምንቱ ዓመት ሲነሳ እኔ ተሸነፍኩ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ነርስ አወጣችው። ቀበሌ ሄጄ የልደት ምስክር ወረቀቱን አስወጣሁ።

እናቴን አላማከርኳትም። ጥፋቴ ይሄ ነው። ጉልበቷ አላስኬድ ብሏት አራስ ጥየቃ አልመጣችም ነበር፤ በስልክ «ማን አላችሁት?» ስትለኝም «ስትመጪ ትሰሚዋለሽ» እያልኩ አጓጓኋት። በአርባ ቀኑ ለክርስትናው ከጎባ መጣች። ቄሱ የክርስትና ስሙን አወጡለት፤ እሱ ለቤተ ክርስቲያን ነው። ቤት ስንገባ ልጁን እቅፏ ላይ አድርጌ «እማዬ፣ ናትናኤል ብለነዋል» አልኳት።

ልጁን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ «ይደግ» ብላ ለእናቱ መለሰችላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁን የማትጠራበት ስም የለም። ማሙሽ፣ ጌታዬ፣ የኔ አባት፣ ሽማግሌው፤ ከራሱ ስም በቀር ሁሉንም ትለዋለች። እኔም ተናደድኩ። አስተማሪነቴ ተነሳብኝና አንድ እሁድ ልትጠይቀን ስትመጣ ጣቴን እያወዛወዝኩ የስሙን ትርጉም ከነዕብራይስጡ አስረዳኋት። «አውቃለሁ ልጄ» አለችኝ። «ካወቅሽ ምኑን ነው የጠላሽው? ዘመናዊ ስለሆነ ነው?» አልኳት። ተነስታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። የባሰው የባለቤቴ ማዘን ነበር። «እናትህ የጠሉት ስሙን አይደለም፣ እኔን ነው» አለችኝ አንድ ቀን፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። በማግስቱ እናቴን ፊት ለፊት ልጠይቃት በሚኒባስ ወደ ጎባ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እየመረጥኩ ነበር፤ አንዱም ደግ ቃል አልነበረበትም።

በሩ ላይ ጎረቤታችንን አገኘኋቸው። አጥር ለአጥር የምንኖር ሙስሊም አሮጊት ናቸው፤ «አዴ» እያልኩ ነው ያደግኩት። በኦሮምኛና በአማርኛ እያፈራረቁ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝና «ልጁስ? ስሙን ማን አላችሁት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ያ ረቢ! ማል ጎቴ አቲ? ምን አደረግክ አንተ? የወንድምህን ስም እኮ ነው!»

ከእኔ በፊት የተወለደ፣ በሦስት ዓመቱ በኩፍኝ የሞተ ወንድም እንደነበረኝ አውቃለሁ። ቤታችን ውስጥ ግን «ያ ልጅ» ነው የሚባለው። የእኔም ስም ከሞተ ልጅ በኋላ ለሚወለድ የሚወጣ፣ ምትክ ወይም ካሳ እንደ ማለት ያለ ስም ነው። እንግዲህ አርባ ምናምን ዓመት የእሱ ምትክ ተብዬ ስጠራ፣ የማን ምትክ እንደሆንኩ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«አባትህ ከመጽሐፍ አግኝቶ ያወጣለት ነው» አሉ አዴ። «ያኔ በጎባ ሌላ ናትናኤል የሚባል አናውቅም። እኔ ራሴ ስሙን ለመልመድ ስንት ጊዜ ፈጅቶብኛል! ከሞተ ወዲህ ግን እናትህ ያንን ስም ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም።»

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። ልጇን ለቀበረች እናት የስሙን ትርጉም ሳስተምራት ከርሜያለሁ! እፍረቱ ፊቴን አቃጠለኝ።

ገብቼ እናቴ እግር ሥር ቁጭ አልኩ። «እማዬ፣ አላወቅኩም። ነገ ቀበሌ ሄጄ አስቀይረዋለሁ» አልኳት። ማን እንደነገረኝ ወዲያው ገባት።

«ተው፣ አታስቀይር» አለችኝ። «ስሙ ምን በደለ? ደስ ብሎን ያወጣነው ስም ነው። እምቢ ያለኝ አፌ ነው። ያ ልጅ በሞተ ሰሞን አንድ ቀን ረስቼ ከጓዳ ጠራሁት። አቤት የሚል የለም። ቤቱ ጭጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ፈራሁት። ለሚስትህ እሷን እንዳልጠላኋት ንገራት፤ እኔንም ታገሱኝ።»

ለባለቤቴ ነገርኳት። አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስሙን እናቴ ፊት ቀስ ብለን መጥራት ለመድን።

ልጁ መዳህ ሲጀምር ጎባ ይዘነው ሄድን። እናቴ ግቢው ውስጥ ገብስ አስጥታ ነበር። እኛ ወሬ ይዘን ሳናየው ልጁ ዳኸና ገብሱ መሃል ገባ፤ በሁለት እጁ እየዘገነ ወደ አፉ ይወስድ ጀመር። ቀድማ ያየችው እናቴ ናት።

«ናትናኤል! ተው አንተ!»

እኔና ባለቤቴ ክው አልን። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ኳስ የሚጫወቱ ሁለት የሰፈር ልጆች እኩል ጮኹ።

«አቤት፣ እማማ!»

እናቴ ወደ አጥሩ ዞራ ቆመች። ምን እንደምትሆን ፈርቼ ልነሳ ስል ከት ብላ ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

«እናንተን አይደለም፣ ተጫወቱ!» አለቻቸው። ጉልበቷን ይዛ ወደ ገብሱ ጎንበስ አለችና ልጁን አነሳችው። «የራሴን ልጅ ነው የጠራሁት።»