ያሸሁት ዓይን

ቅድም በልጄ ላይ ስጮህ ደነገጥሽ አይደል? ወላሂ እኔም ደንግጫለሁ። ምንም አላጠፋችም እኮ። እንቅልፏ መጥቶ በጡጫዋ ዓይኗን አሸች፤ እርጥብ ዓይን ሲታሽ የሚያወጣት ያቺ ጭቅ ጭቅ የምትል ድምፅ ጆሮዬ ገባች፣ በቃ። እጇን መንጭቄ "አትሺ!" አልኳት። እሷ አለቀሰች፣ አንቺም የምታሰጪውን ልብስ ጥለሽ መጣሽ። ነገሩን ካልነገርኩሽማ እብድ ነው የምመስልሽ።

ሳዑዲ፣ ጂዛን እያለሁ ነው። አሽ-ሹቀይቅ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ወጣትነቴን በሙሉ አንድ ቤት ሠራሁ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የተስተካከለ ነበር፣ ሰዎቹም ክፉዎች አልነበሩም። ባባ፣ የቤቱ አባወራ፣ የባሕሩን ውሃ ከጨው የሚያጣራው ጣቢያ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ማዳም አስተማሪ ነበረች። የኔ ዋና ሥራ ልጃቸው ነበር። ስገባ ገና የወተት ጥርሱ እየተነቀለ ነው። አገር ቤት ጥዬው የሄድኩት ታናሽ ወንድሜ "እታለም" ነበር የሚለኝ፤ እኔም ይሄን ልጅ እንደዚያ ብሎ እንዲጠራኝ አስተማርኩት። በዚያ በዓረብ አፉ "እታለም" ሲለኝ አንጀቴን ይበላው ነበር።

የሙቀቱ ወራት ሲገባ እዚያ አገር አቧራው ይነሳል። ጉባር ነው የሚሉት። ፀሐይዋን የሽንኩርት ልጣጭ አስመስሎ ያደበዝዛታል፤ መስኮቱን ብትዘጊው እንኳ ትራሱ ላይ ታገኚዋለሽ። ቤተሰቡ ምሳ በልቶ ሲተኛ፣ የተጠበሰው ዓሣ ሽታ ገና ከወጥ ቤቱ ሳይወጣ፣ ኤሲው እያጓራ፣ ልጁ ዓይኑ ፍም መስሎ ይመጣና ጭኔ ላይ ይጋደማል። "እታለም፣ ዓይኔን እሺልኝ።" ይቺን በአማርኛ ነው የሚላት።

የሻሼን ጫፍ በትንፋሼ አሙቄ ዓይኑን አሽለት ነበር። እናቴ እኛን እንደዚያ ነበር የምታደርገን። ጨርቅ በትንፋሽ አሙቃ የልጇ ዓይን ላይ የማታደርግ የወሎ እናት የት አለች? ሲመቸው "ጠንከር አድርጊው" ይለኛል፣ ጠንከር አደርገዋለሁ። ፊቱ ፈታ ይልና እንቅልፍ ይወስደዋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያ ሰዓት ለኔም ነበር። በዚያ ቤት ሳልታዘዝ የምሠራው ነገር እሱ ብቻ ነበር። ስንት የሙቀት ወራት እንዲህ አለፈ!

ልጁ ከፍ ሲል ስልኩን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ማየት ጀመረ። አንዷን ጨረቃ ሦስት አራት አድርጎ ያያታል። መነጽር ተገዛለት፤ ተቀየረ፤ ደግሞ ተቀየረ። ማዳም "ከስልኩ ነው" ትላለች። በመጨረሻ ጂዛን ከተማ ወዳለ ሐኪም ወሰድነው፤ እኔም ቦርሳ ተሸክሜ ተከተልኩ።

ሐኪሙ ረጋ ያለ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበር። የጣቶቹን ጫፍ ገጥሞ እንደ ድንኳን አሾላቸውና "የዓይኑ የፊት መስታወት፣ ኮርኒያ የምንለው፣ ሳስቶ እንዲህ ሾሏል። ኬራቶኮነስ ይባላል" አለ። "መነጽር አይበቃውም፣ ዓይኑ ላይ የሚቀመጥ ጠንካራ ሌንስ እንሰጠዋለን። ሌንሱ እስከተቀመጠለትና እስካየበት ድረስ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም።" ከዚያ ድንገት "ይሄን ዓይን ማነው እንዲህ የሚያሸው?" ብሎ ጠየቀ። "ተፈጥሮም አለበት። ማሸት ግን ያባብሰዋል።"

ማዳም ወደ ልጁ ዞረች። ልጁ አንዴ ቀና ብሎ አየኝና ለሐኪሙ "እኔ ነኝ፣ ራሴ ነኝ የማሸው" አለው።

የሻሼን ጫፍ ጨብጬ ቆሜያለሁ። እኔ ነኝ የምትለው ቃል ከአፌ አልወጣችም። ቢያባርሩኝስ አልኩ በሆዴ። ልጁን ማዳም መንገዱን ሙሉ ተቆጣችው፤ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ በመስኮት ባሕሩን አያለሁ። አላህ ይማረኝ።

ሌንሱ ለተወሰነ ጊዜ ሠራለት። ጉባሩ ሲመጣ ግን ሥሩ እየገባ ያቃጥለው ጀመር። ያወጣዋል፣ ያሻል፣ መልሶ ያደርገዋል። ሪዙ ሲያቀነቅን የቀኝ ዓይኑ መሐል ላይ ነጭ ነገር ታየ። ሐኪሙ እንደገና አየውና "ጠባሳ ነው። ሌንሱም ከእንግዲህ አይቀመጥለትም። አሁን ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል፤ የሞተ ሰው ከለገሰው ኮርኒያ" አለ። ባባ "ያላ፣ ነገ ዛሬ ሳንል" አለ። ማዳም "ፈተናውን ይጨርስ" አለች። ሐኪሙ ሁለቱንም በእጁ አስቆማቸው። "ማሸት ካልተወ ብንተክልለትም ያበላሸዋል። መጀመሪያ እጁ ይረፍ።"

ማዳም ወደኔ ዞራ "አንቺ ትጠብቂዋለሽ፣ ካንቺ በቀር የሚሰማው የለም" አለችኝ። እኔን! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ በኋላ ከምሳ በኋላ ያለችው ሰዓት ሌላ ሆነች። ሐኪሙ ያዘዘለትን ጠብታ አደርግለታለሁ፣ ከፍሪጅ ያወጣሁትን እርጥብ ጨርቅ በተጨፈነው ዓይኑ ላይ አኖርለታለሁ፣ ሁለት እጆቹን ይዤ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ። ከኔ የሚረዝም ጎረምሳ "እታለም፣ አንዴ ብቻ" እያለ ይለምነኛል። "ኸላስ፣ አይሆንም!" እለዋለሁ። አንድ ቀን ሲብስበት እጁን አስለቅቆ "ድሮ ትወጂኝ ነበር" አለኝ። መልሼ ያዝኩት።

እጁ ቀስ በቀስ ዐረፈ። ሐኪሙም ይሁን አለ። ባባ ሪያድ ወሰደውና ተተከለለት። ሲመለስ እኔ ደግሞ ወደ አገሬ ልገባ ሻንጣዬን እያዘጋጀሁ ነበር።

አንድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ፣ ማዳም ፀጉሯ ላይ የምትሰካው ነጭ አበባ ካለበት፣ ሽታው ባወደው ቦታ፣ ልጁ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ትክ ብሎ አየኝ። "እታለም፣ ሽበት አብቅለሻል እኮ!" ብሎ ሳቀ። እኔ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

"ያኔ ለሐኪሙ ለምን እኔ ነኝ አልከው? ዓይንህን ያሸሁት እኔ አይደለሁም?" አልኩት።

"እኔም አሽ ነበር" አለኝ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። "ደግሞ ቢያባርሩሽስ?"

ይታይሽ! እኔ ለራሴ ያልኩትን ያንኑ ነገር፣ እሱ ልጅ ሆኖ ለኔ ብሎት ነበር። የሻሼን ጫፍ አነሳና እንባዬን ሊጠርግልኝ ወደ ዓይኔ አመጣው። ሊነካኝ ሲል ቆመ። ጨርቁን መልሶ እጄ ላይ አደረገልኝና "አንቺው ጥረጊው። አታሺው" አለኝ።

አሁንም የድምፅ መልእክት ይልክልኛል። ቀኙ ደህና ነው። ግራው ግን እሱም ሳስቷል፤ እስካሁን ሌንሱን ይዟል፣ ሐኪሙም እንጠብቅ ብሏል። መልእክቱ ሲገባ ሰላምታው አይሰማኝም፤ የግራውን ወሬ ነው የምጠብቀው።

ለማዳም እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ልጄም ይኸው አኩርፋ ተኛች። ዓይኗ ውስጥ አቧራ ሲገባ በውሃ ነው የማጥባት። እናቴ ታደርግልን እንደነበረው ሻሼን በትንፋሼ አሙቄ ዓይኗ ላይ አድርጌላት አላውቅም። እንደዚያ ያለ ነገር መኖሩንም አታውቅም።