ዘፈኑ ከጠላው ሥር

ደጅ የተቀመጠ ባዶ እንስራ ነፋስ ሲገባበት «እም» ይላል፤ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የአምቦው ቤታችን ፊቴ ድቅን ይላል።

በደርግ ጊዜ ነው። አባቴ አናጺ ነበር፤ ክረምት ሥራ ሲጠፋ የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታ ይውል ነበር። በአንዱ ክረምት አራት ስፒከር ለቃቅሞ፣ ከቴፓችን ጋር በሽቦ አገናኝቶ፣ በቤቱ አራት ማዕዘን ሊያስቀምጣቸው አሰበ። እህቴ ጫልቱ ጥር ላይ ልትዳር ነበርና «አባ፣ ከየጥጉ ካልተዘፈነልኝ ከዚህ ቤት አልወጣም» ብላው፣ እሱም ምሎላት ነበር።

ስፒከር እንዲሁ ሲቀመጥ እንደ ንብ ይጮሃል፤ እንስራ አፍ ላይ ሲደፋ ግን ወፍራም ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ ዝናቡ እንዳባራ ገበያ ወርዶ፣ እንስራውን ሁሉ በጣቱ እያንኳኳ፣ ጆሮውን እየሰጠ ይመርጥ ጀመር። ሸክላ ሻጯ «ኦቦ ደበላ፣ ጠላ ሊጠምቁበት ነው ወይስ ሊያጫውቱት?» ብላ ሳቀችበት። አራት ገዝቶ መጣ፤ አንዱን ከግድግዳው ክንድ ያህል አርቆ፣ ሌላውን ወደ በሩ አስጠግቶ፣ ስፒከሮቹን ደፍቶባቸው መሐል ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር። እናቴ «ቅዳሴ ነው እንዴ የቆምከው?» ትለው ነበር።

ጥር ደረሰ። ቤቱ በሰው ሲሞላ ልጆች እንዳይነካኩበት ስፒከሮቹን ነቅሎ ሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። ጠላ ጠመቃ ልታግዝ ከሸነን የመጣችው አክስቴ ደግሞ ጋኑ አልበቃ ቢላት፣ በየጥጉ ያገኘቻቸውን ባዶ እንስራዎች አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ጠላ ሞላችባቸው። አባቴ ያየው በሠርጉ ማለዳ ነው።

«ምን አደረግሽኝ!»

«በእንስራ ጠላ ካልሞላሁበት ምን ልሙላበት?» አለች አክስቴ።

በሠርግ ቀን ጠላ መድፋት ነውር ነው፤ ጫልቱም ጓዳ ገብታ ማልቀስ ጀምራለች። አባቴ ከካቺሲ የመጡትን የሙሽራውን ዘመዶች በየእንስራው ዙሪያ አስቀምጦ «እባካችሁ ቶሎ ጠጡልኝ፤ ዘፈኑ ያለው ከጠላው ሥር ነው!» አላቸው።

አንድ ሽማግሌ «ይሄ ሰው ልጁን ሊድር ነው እኛን ሊቀብር?» እያሉ ዋንጫቸውን ገለበጡ። አንዱ እንስራ ባለቀ ቁጥር አባቴ ስፒከር ይደፋበት ነበር። አራተኛው አልቆ ቴፑ ሲከፈት ግን ማን ሰምቶት! እንግዳው ራሱ ከየጥጉ እየዘፈነ ቤቱን ያናውጠው ነበር። ዛሬ ሲያወሩት ሁሉም ቴፑን ሰማሁ ይላል፤ ውሸታም ሁሉ። ጫልቱ ብቻ እየሳቀች መውጣቷ እውነት ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ ካገባሁ በኋላ ነው፤ ዛሬ ግን ማንበብ አያቅተኝም። አሁን ቴሌቪዥኔ ባለ አምስት ስፒከር ነው፤ መመሪያውን ራሴ አንብቤ፣ ሁለቱን ከኋላዬ፣ ሦስቱን ከፊቴ አስቀመጥኳቸው። ሻጩ ሲኒማ ቤት ያስመስልልሃል ብሎኝ ነበር፣ አልዋሸም። ልጆቼ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው በየክፍላቸው ተዘግተዋል። ድምፁ ከየጥጉ ይመጣል፤ በየጥጉ የሚቀመጥ ሰው ግን የለም።