የራያ ማዘርቦርድ

ሰበታ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ሞልቷል፤ የአብዛኞቹ መድኃኒት ግን አንድ ነው፦ ፎርማት። ማሽኑ በምንም ይታመም በምን፣ ውስጡን አጥበው ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ይጭኑበታል። የሠርጌ ፎቶ የት ገባ ብትሏቸው «አንዴ ሆኗል፣ ምን ይደረጋል» ብለው ቁጭ ይላሉ። ዓባይነህ እንዲህ ያለውን ሥራ ይጸየፋል። በሃያ ሁለት ዓመት ሙያው የሚኮራበት ነገር ቢኖር ማዘርቦርድ እንኳ ቀይሮ፣ ዊንዶውሱን ሳይነካ፣ ሁሉን እንደነበረ ማስረከቡ ነው። ሚስቱ ሩቲ «ለሰው ፋይል የምትጨነቀውን ያህል ለቤታችን ጣሪያ ብትጨነቅ» ትለዋለች።

ጀዋሂር ወደ እሱ የመጣችውም ይህንን ሰምታ ነው። እዚያው ሰበታ የጨርቅ ሱቅ አላት። ልጇ ራያ በጥቅምት ከኮሌጅ ስትመለስ በመኪና አደጋ ሞተችባት፤ ስልኳም መንገድ ላይ ጠፍቶ ቀረ። የተረፈው ላፕቶፕዋ ብቻ ነው። ራያ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ስትዘፍን፣ ደንበኞቹን እየመሰለች እናቷን ስታስቅ የቀረጸችው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። እናትዬው በቀን አንድ አንድ ቪዲዮ እያየች ዓመቱን ልትገፋ ስትል ላፕቶፑ በበራ በአሥር ደቂቃው ድርግም እያለ ይጠፋ ጀመር።

«ኦቦ ዓባይነህ፣ አደራዎን፣ ፎርማት እንዳያደርጉብኝ።»

«እኔ ፎርማት የሚባል ነገር አላውቅም፣ እትዬ ጀዋሂር። እንደነበረ ነው የሚረከቡት።»

«እስቲ አሁን ላብራውና አንድ ጊዜ ልያት?»

«ተዉ፣ አያብሩት! የታመመው ማዘርቦርዱ ነው። ዲስኩን ይዞት እንዳይሄድ።»

እሷም እጇን ሰበሰበች። ይቺን ቃሉን ዓባይነህ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳትም።

ትክክለኛውን ማዘርቦርድ ፍለጋ አዲስ አበባን ዘጠኝ ቀን ዞረ። ባገኘ ጊዜ አሮጌውን ነቀለ፤ እንደ ልማዱ ጀርባው ላይ በማርከር «ራያ» ብሎ ጻፈና ከሌሎች የሞቱ ቦርዶች ጋር ጆንያ ውስጥ ጣለው። አዲሱን ገጠመ፤ የመጀመሪያውን ማብራት ግን ለእናትዬው አቆየላት። በማግስቱ ጠዋት ቆራሌው በደጁ ሲያልፍ ጆንያውን አስረከበውና ለጀዋሂር ደወለ።

ጀዋሂር ለበዓል የምታስረውን ሻሽ አስራ መጣች። ዓባይነህ ማብሪያውን ተጫነ። ሰማያዊ ገጽ መጣ፤ አርባ ስምንት አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር አስገቡ ይላል።

የሰበታ ማሽን ሁሉ ዊንዶውሱ እሱ ወይም እሱን መሰል ሰው በፍላሽ የጫነው ነው፤ እንዲህ ያለ ቁልፍ አይቶ አያውቅም። የራያን ግን አጎቷ ከጅዳ ከነማሸጊያው የላከላት ነበር። ኦሪጅናሉ ዊንዶውስ ማንም ሳያዘው ዲስኩን ቆልፎ፣ ቁልፉን ከማዘርቦርዱ ቺፕ ጋር አስሮታል። ማሽኑ ገና አሥር ደቂቃ መብራት በሚችልበት ጊዜ ገብቶ ቁልፉን ማንሳት ይበቃ ነበር። ያንን አሥር ደቂቃ የከለከላት ራሱ ነው። የቁጥሩ ግልባጭ በራያ ኢሜይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ኢሜይሉን በምን ስም እንደከፈተችው ግን እናቷም ጓደኞቿም አያውቁም።

«አሮጌው አለ፣ እሱን መልሼ እገጥመዋለሁ» አላትና ሱቁን ሳይዘጋ ወጣ።

ቆራሌው ዓለም ገና ላይ ተገኘ፤ ጆንያው ግን መርካቶ ገብቷል። ዓባይነህ ምናለሽ ተራ ወርዶ የቦርድ ክምር በእጁ ሲምስ ዋለ። አመሻሹ ላይ የራሱን የእጅ ጽሑፍ አየ። «ራያ» ይላል። ገለበጠው። ቺፖቹ በሙሉ በጉጠት ተነቅለው ሄደዋል። እዚያው ቆሻሻው ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ የሚያልፈው ሰው ሌባ ያራቆተው መስሎት «አይዞህ፣ ንብረት ይተካል» አለው።

ለጀዋሂር ሁሉንም ነገራት። አልጮኸችም፤ አልተራገመችም። ብትረግመው በወደደ ነበር።

«ቪዲዮዎቹ ጠፉ ማለት ነው?»

«አልጠፉም። ውስጥ አሉ። መክፈት ነው የማንችለው።»

ላፕቶፑን በነጠላዋ ጠቅልላ ወሰደች።

ከሁለት ወር በኋላ ዓባይነህ ፊቷን ማየት እየፈራም ቢሆን ሱቋ ሄደ። ላፕቶፑ ከጨርቁ ጥቅል አጠገብ፣ ሰማያዊ ገጹን እንዳበራ ተሰክቷል።

«ደህና መጡ፣ ኦቦ ዓባይነህ» አለችው። «መነጽሬን ረስቼ ነው፤ ያግዙኛል? የተወለደችበትን ቀን ከነወሩ፣ ከነዓመቱ ወረቀት ላይ ስጽፈው ስምንት አሃዝ ሆነልኝ። ስድስት ጊዜ ቢደጋገም አርባ ስምንት ይሞላል።»

እንደማይከፍተው ያውቃል። ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ጣቷን አዘጋጅታ ስትጠብቀው አየና አልቻለም። ወረቀቱን ተቀበላት።

«አንድ፣ አራት» አለ። «ዜሮ፣ ስድስት። አንድ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ስድስት።»

«እሺ» አለች ጀዋሂር፤ «አሁንም ይድገሙልኝ።»