የደረጃው በር ድንጋይ

በ1989 መጋቢት ላይ፣ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት ልጀምር ስል፣ ጋሽ ሸዋንዳኝን ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ተቆጣጣሪ ናቸው። ከእግራቸው ሥር ያለው የቆዳ ቦርሳ አብጧል።

«ምን ይዘው ነው፣ ጋሼ?»

«ድንጋይ» አሉኝ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

የቀለዱ መስሎኝ ቦርሳውን ላነሳ ብል እጄን ወደ ታች ሳበው። እውነትም ድንጋይ ነው። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፤ ጨዋታ ካገኘሁ ዳገቱ የትም አይሄድብኝም።

ነገሩ የሚጀምረው እዚሁ ሲቀላ ካለው ከአቶ ኤርጫፎ ሆቴል ነው። አቶ ኤርጫፎ ከጨንቻ በሽመና ሥራ ወርደው፣ ነግደው፣ ባለ ሦስት ፎቅ ሠሩ። ያደጉበትን ረጅም የቀርከሃ ቤት ስለሚወዱ መሐሉን ከታች እስከ ጣሪያ ክፍት ተዉት። ደረጃው በዚያው ክፍት ዙሪያ ይወጣል፤ የየክፍሉም በር ወደዚያው ነው። ገብቶ ቀና ላለ ሰው ያምራል። ጋሽ ሸዋንዳኝ ቀና ሲሉ ግን የታያቸው ጭስ ነው።

«ታች ወጥ ቤት አለ» አሉኝ። «እዚያ እሳት ቢነሳ ጭሱ በመሐል ሽቅብ ወጥቶ የሁሉንም ክፍል በር ይይዛል። ሰው ሊሸሽ ቢል ያለው ደረጃ ያው ነው።»

ደረጃው በግንብ ይከለል፣ በየፎቁ በራሱ የሚዘጋ በር ይግባለት፣ ጣሪያው ላይ የጭስ መውጫ ይከፈት፤ አለዚያ የመክፈቻ ፈቃዱን አልፈርምም አሉ። አቶ ኤርጫፎ ደግሞ ለመስቀል ሊከፍቱ ሰው ጠርተው ነበር። ተኳረፉ፤ ሰላምታም ቀረ።

አንድ ጠዋት ሦስት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ቢሯቸው ገቡና ተንበረከኩ። በዚህ አገር ሣር የያዘ ሽማግሌ እምቢ አይባልም። ሃያ ዓመት የኖሩበት ጋሽ ሸዋንዳኝም ይህን አይስቱትም።

«ፈረሙ ታዲያ?»

«እኔም ተንበረከክሁ። ከሰውዬው ጋር ታርቄያለሁ አልኳቸው። ከዚያ "አባቶቼ፣ ጨንቻ ቤት ውስጥ ጭሱ ወዴት ይሄዳል?" ብዬ ጠየቅሁ። "ወደ ላይ" አሉ። "ላይ ማን ይተኛል?" አልኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ "ማንም የለም። ቀርከሃው ነው ጭሱን የሚጠጣው" አሉ። "እዚህ ሠላሳ ሰው ነው የሚተኛው" አልኳቸው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያንኑ ሣር ይዘው ሄዱና አቶ ኤርጫፎ ፊት ተንበረከኩ። ግንቡ ቆመ፣ በሮቹ ገቡ፣ ጣሪያውም ተከፈተ። መስቀል አለፈና ሆቴሉ ለገና ተከፈተ።

«ድንጋዩስ?»

«እሱማ አሁን ነው የመጣው። አስተናጋጆቹ ሳህን ተሸክመው ሲወጡ በሩ እየተዘጋ ያስቸግራቸዋል። ስለዚህ በድንጋይ ደግፈው ክፍት ይተዉታል። ክፍት ከዋለ ደግሞ ግንቡ ለምን ተሠራ? በሳምንት ሁለት ቀን ሄጄ ድንጋዩን አነሳለሁ። ዓለምጸሐይ የምትባል አለች፣ "ጋሼ፣ ቤት እየሠሩ ነው እንዴ? ለመሠረት የሚበቃ ወሰዱ እኮ" ትለኛለች።»

«አይቆጧትም?»

«ሁለት እጇ ተይዞ ቀኑን ሙሉ ፎቅ የምትወጣን ልጅ ምን ብዬ ልቆጣ? እሷም ደክሟታል፣ እኔም ደክሞኛል።» ጉልበታቸውን አሹ። «ሰኔ ላይ ጡረታ እወጣለሁ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚያነሳው እንጃ።»

ቦርሳውን ተቀብያቸው አብረን ወጣን። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ትከሻዬ ዛለና ድንጋዩን እዚሁ ልጣልልዎት አልኳቸው። በእጃቸው ከለከሉኝ። ሴቻ፣ የአጥራቸው በር ላይ ስንደርስ ቦርሳቸውን ተቀበሉኝ።

«እግዜር ይስጥህ። እዚያው ዳገቱ ላይ ብንጥለው እኮ አስተናጋጆቹ አንስተውት ዓርብ በሩ ሥር ነበር የማገኘው።»