የአባቴ ኪቦርድ

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ስትሮክ የመታቸው ዕለት ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፣ አንደበታቸውም ተዘጋ። ከዚያ ሁሉ ዜማ የቀረችላቸው «እ… እ…» የምትል ድምፅ ብቻ ናት።

እኔ ሞላሌ ከተማ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። የወላጆቼ ቤት ከከተማው ራቅ ያለ ገጠር ውስጥ ነው፤ አብራቸው ያለችው እናቴ ብቻ ናት። ስለዚህ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ወስጄ አልጋቸው አጠገብ አስቀመጥኩላቸው። ጥቁር ስክሪን ላይ ትልልቅ ነጭ ፊደል ብቻ የሚያሳይ ነው፤ ማውዝ የለው፣ ሥዕል የለው። በግራ እጃቸው የጻፉት መስመሩ ሲሞላ ወይም «ላክ» ያልኩትን ቁልፍ ሲጫኑ ስልኬ ላይ ይደርሰኛል።

ችግሩ የላፕቶፑ የራሱ ኪቦርድ ነበር። ቁልፎቹ ለሚንቀጠቀጥ እጅ በጣም ያንሳሉ፤ የ«ሰ» ቁልፍ ደግሞ እየተጣበቀች ሳይነኳት ትጽፋለች። ትልልቅ ቁልፍ ያለው ሌላ ኪቦርድ በገመድ ሰካሁላቸው፣ ፊደሎቹንም በወረቀት ቆርጬ ለጠፍኩበት። ሲስተሙ ግን በአንድ ጊዜ የሚሰማው አንዱን ኪቦርድ ብቻ ነው። ገመዱ ሲሰካ ወደ ትልቁ፣ ሲነቀል ወደ ራሱ በገዛ እጁ እንዲዞር አጭር ትእዛዝ ጻፍኩለት። ሞከርኩት፤ ሠራ። ልቤ ግን አላረፈም። ክፍል ውስጥ ሳስተምር እንኳ ስልኬን ከእጄ አላወርድም ነበር።

አንድ የገበያ ቀን፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። «እናሰሰሰሰሰሰሰሰሰ» ይላል። ወዲያው ሌላ ደረሰኝ፤ እሱ ደግሞ ዳር እስከ ዳር «ሰ» ብቻ ነው። ትልቁ ኪቦርድ እንደተነቀለ ገባኝ። ግን ማን ነቀለው? «እና» ያሉትስ ምን ሊሉ ነው? ወድቀው ይሆን?

የእናቴ ስልክ ላይ ደወልኩ። ብዙ ጠርቶ ተነሣ።

«እማዬ?»

«እ… እ…»

«አባባ! እርስዎ ነዎት? እማዬስ?»

«እ! እ!» ድምፃቸው እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ኔትወርኩ ተቋረጠ። ጎረቤቶቻቸው ጋ ብደውል ሁሉም ገበያ ናቸው። ተማሪዎቼን ለባልደረባዬ ትቼ ሞተር ተሳፍሬ ወጣሁ። የመንዝ ነፋስ ፊቴን ሲገርፈኝ በየመታጠፊያው ሞተረኛውን «ፍጠን፣ በእመቤቴ!» እላለሁ።

ሞተረኛው አውርዶኝ ተመለሰ። ስገባ አባቴ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያልባቸዋል። ኪቦርዱ ከጭናቸው ወድቆ ገመዱ ተነቅሎ ኖሮ፣ እንደምንም ጎትተው በአንድ እጃቸው መልሰው ሰክተውታል። ማሽኑ ግን አልተቀበላቸውም። ስክሪኑ «ሰ» በ«ሰ» ሆኗል።

«እማዬ የት ሄደች?»

ግራ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ወረወሩ፤ ከዚያ ኪቦርዱን ደበደቡት። ሮጬ ደጅ ወጣሁና ተጣራሁ። ነፋሱ ድምፄን ይዞት ሄደ። በገበያው መንገድ በኩል ማንም አይታይም። ተመልሼ ማሽኑ ላይ ተደፋሁ።

ሲስተሙ ለሚሰካ ኪቦርድ ሁሉ ቁጥር ይሰጣል። የቀድሞው ቁጥር ገና ስላልተለቀቀ፣ ዳግም ሲሰካ አዲስ ቁጥር ሰጥቶታል። የእኔ ትእዛዝ ደግሞ የሚያውቀው የፊተኛውን ብቻ ነው። ያቺን የተጣበቀች ቁልፍ በጥፍሬ ፈልቅቄ አነሣኋት። ስጽፍ እሳስታለሁ፣ አጠፋለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ። በመጨረሻ ወደ አዲሱ ቁጥር ዞረ።

«አባባ፣ ይጻፉ!»

በአንድ ጣታቸው እየፈለጉ ጻፉ፦ «እናትሽ ጓሮ ወደቀች»።

በጓሮ በኩል ዞሬ በረርኩ። ከጓሮው የድንጋይ ካብ ማዶ ባለው ቦይ ውስጥ እናቴን አገኘኋት። ካቡ ተንዶባት፣ እግሯ በድንጋይ ተይዞ፣ ከንፈሯ በብርድ ጠቁሯል።

«ስጣራ ስጣራ ድምፄ ዘጋ» አለችኝ። «የሰማኝ የለም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።»

«አባባ ሰምተውሻል።» አልጋቸው በጓሮው በኩል ካለው ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነው።

«እሳቸውስ? ደህና ናቸው?»

ድንጋዩን አንድ በአንድ አንሥቼ፣ ጋቢዬን አልብሻት አብሬያት ቆየሁ። ከገበያ የሚመለሱ ጎረቤቶች ጩኸቴን ሰምተው መጡና በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ተሸከሟት። አጥንቷ ተሰብሮ ነበር፤ ጀሶ ታሰረላት።

እሷ ሐኪም ቤት በተኛችበት ሰሞን ትእዛዙን ቀየርኩት። ቁጥር ሳይጠይቅ የተሰካውን ኪቦርድ ሁሉ እንዲቀበል አደረግኩ፤ የተበላሸችውንም ቁልፍ ከናካቴው ዘጋኋት። ከዚያ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣ ሰካሁ። አባቴ ሰልችቷቸው «በቃሽ። ይሠራል» ብለው ጻፉልኝ።

አሁን እናቴ ቤቷ ገብታለች። ስልኬ በተንቀጠቀጠ ቁጥር አሁንም የያዝኩትን ጥዬ እከፍተዋለሁ። ዛሬ ጠዋት የመጣው እንዲህ ይላል፦ «እናትሽ በዱላ ጓሮ ወጣች። በእጄ ተዪ ብላት አልሰማም አለች።»