ስምንቱ የኪሮዳ ገመዶች

እኔ በድዋርካ ወንዝ ዳር፣ ሬሳ በሚቃጠልበት ሜዳ፣ እንጨት እሸጣለሁ። አባቴም ይህንኑ ነበር የሚሸጠው። ስለዚህ ቅዱስ ነኝ ባይ ሁሉ አያስደነግጠኝም፤ አመድ ተቀብቶ ከሚመጣው ግማሹ ሥራ የጠላ ነው። ኪሮዳ ግን ከነሱ አልነበረችም።

የመጣችው የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ነው፤ ከባሏ ዱላ ሸሽታ፣ የስድስት ዓመት ልጇን ሹቦልን ለአያቱ ትታ። ታንትራ የሚሉትን የምናኔ መንገድ የሚያስተምር አንድ ሽማግሌ ተቀበላት። ሰው በስምንት ገመድ ታስሮ ይኖራል አላት፤ እፍረት፣ ፍርሃት፣ ጥላቻ፣ ሐዘን፣ ዘር፤ የቀሩትን እኔ ረስቻቸዋለሁ። እነሱን የበጠሰ ራሱን ያውቃል፣ ነፃም ይወጣል። መጀመሪያ ግን ለዓለም መሞት አለበት። በደንቡ መሠረት ለሟች የሚቀርበውን ድብልብል ሩዝ በገዛ እጇ ሠርታ፣ የራሷን ስም ጠርታ፣ ወንዝ ውስጥ ጣለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዘመዶቿ ሙት ናት።

እውነቱን ለመናገር ቀናሁባት። ያቺ ጥላዋን የምትፈራ ሴት ከሬሳ አጠገብ ትተኛ፣ ውሻ የቀመሰውን ትበላ ጀመር። የመንደሩ ሴቶች ሲሰድቧት ትስቃለች። "ወንድሜ፣ እኔን በእንጨት ሚዛንህ ብታስቀምጠኝ አሁን ምንም አልከብድህም" ትለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ በቀትር፣ አምስት ሰዎች ሬሳ ተሸክመው መጡ። ሟቹ ሩዝ ሲተክል እባብ ነድፎት ነው። ከፊት የሚመራው ሽማግሌ የባሏ ወንድም ሆሪፖዶ ነበር። ኪሮዳ እሱን ስታይ ተነሣች። ማን እንደሞተ የነገራት የለም፤ ራሷ ገልጣ አየች። ልጅ ሳለ ትታው ብትመጣም ፊቱን ለየችው፤ ሹቦል ነው።

ባልየው ከሞተ ቆይቷል፣ ሹቦልም ልጅ አልወለደም። ሬሳ ሲቃጠል መጀመሪያ የሟቹን አፍ በችቦ እሳት የሚነካው የቅርብ ዘመድ ነውና፣ ኪሮዳ ችቦውን እኔ ልያዝ አለች።

ሆሪፖዶ አልተቆጣም። "አንቺ እኮ ሞተሻል" አላት። "የራስሽን ሩዝ የጣልሽ ጊዜ እኛም አልቅሰን፣ ታጥበን ከሐዘን ወጣን። ሙት ለሙት እሳት አይሰጥም።"

"እንግዲያው ዛሬን ብቻ ልኑር" አለችው።

ችቦውን አልሰጣትም። እኔም ደንቡን ስለማውቅ አፌን ዘጋሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከእንጨት ክምሬ ሥር ተቀምጣ ልጇ ሲነድ አየች።

ሰዎቹ ሲሄዱ ላጽናናት ብዬ የሞኝ ነገር ተናገርኩ። ሐዘን ከስምንቱ ገመድ አንዱ ነው ትዪን አልነበር? አልኳት።

"ያን ለዓለም የሞትኩ ቀን የሠራሁት ሁለት ድብልብል ነው" አለችኝ። "መምህሬ አንድ ብቻ ሥሪ ነበር ያለኝ። ልጁ ግን በሕልሜ እየመጣ ቀሚሴን ይጎትተኝ ነበር። ዳግመኛ እንዳይጎትተኝ ብዬ ሁለተኛውን በሱ ስም ጣልኩት። የልጄን ተዝካር በቁሙ አወጣሁ፣ ወንድሜ።"

የገደለው እባብ ነው ብላት አልሰማችኝም።

አሁን የነፃነቱን መንገድ አሳዪን ብለው ከሩቅ የሚመጡትን አታናግርም። ወንዙ ሲጎድል ጠብቃ ድብልብሎቹን ወደ ጣለችበት ትገባለች፤ ጎንበስ ብላ ጭቃውን በእጇ ትዳብሳለች። ምን ጠፍቶባት ነው ብለው እኔን ይጠይቁኛል። ቀለበት ነው እላቸዋለሁ።